አስታማሚው ያልተመዘገበ የሆስፒታል ሠራተኛ ነው

መንግሥት ሆስፒታል ሰው አስተኝታችሁ የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ። በሽተኛው አልጋ እንዳገኘ የሚመጣው ጥያቄ "አስታማሚ አለው?" የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ማጠቡ፣ ማብላቱ፣ ልብስና አንሶላ መቀየሩ፣ ሽንትና ሰገራ መቀበሉ፣ ማገላበጡ፣ ራጅ ክፍል ድረስ በዊልቸር መግፋቱ የእህት፣ የልጅ ወይም የጎረቤት ሥራ ነው። በሌላው ዓለም ይኸው ሥራ ረዳት ነርስ የሚባል ስም፣ ደመወዝና ሥልጠና አለው። እኛ ዘንድ "ቤተሰብ" ተብሎ ይታለፋል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዋሽንግተን ዙሪያ ስንቱ ዘመዳችን ነው በአረጋውያን መንከባከቢያ ሲኤንኤ ሆኖ ልጆቹን የሚያሳድገው! እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት እነዚህ ተቋማት ውስጥ የሚሠራ ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን አለበት። ደንቡ ደግሞ አረጋዊውን በእጁ ከመንካቱ በፊት የ16 ሰዓት ትምህርት እንዲወስድ ያዛል። ከነዚያ ትምህርቶች አንዱ የኢንፌክሽን መከላከል ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ታላቂቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና የባዕድ እናት ለማጠብ ተምራና ተፈትና የምስክር ወረቀት ታወጣለች። አዲስ አበባ ላይ የገዛ እናታቸውን ለምታጥበው ታናሽ እህቷ ግን ጓንቱ የት እንደተቀመጠ እንኳ የነገራት ሰው የለም።

ጉዳቱ ምንድነው የሚል ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች አስቸኳይ ሕክምና ከሚሰጡ ሆስፒታሎች ከሚተኙ 100 ሕሙማን 15ቱ ይዘውት ያልመጡት ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። በሀብታሞቹ አገሮች ቁጥሩ 7 ነው። ተህዋሲው ከአልጋ ወደ አልጋ ለመሄድ ዋነኛ መጓጓዣው ደግሞ የሰው እጅ ነው። ሴመልዋይስ ቪየና ላይ ሐኪሞች ሬሳ መርምረው በዚያው እጃቸው እናቶችን ሲያዋልዱ አይቶ "ታጠቡ" ካለ እ.ኤ.አ. ከ1847 ወዲህ ይህ ምስጢር አይደለም።

በእኛ ክፍሎች ውስጥ ግን የሐኪሙ እጅ ብቻ አይደለም የሚዞረው። ደግነታችንም አብሮ ይዞራል። ጎን ያለው አልጋ ላይ ከሩቅ ገጠር የመጡ፣ አስታማሚ የሌላቸው አባባ "ልጄ፣ እስኪ ቀና አድርጊኝ" ሲሉ እምቢ ማለት ነውር ነው። የእናቷን ቁስል ጨርቅ የያዘው እጅ የአባባን ትከሻ ይደግፋል፣ ውኃ ያጠጣል፣ ተመልሶ እንጀራ ይቆርሳል። ሌሊቱን ካርቶን አንጥፋ አልጋው ሥር ትተኛለች። ጠዋት በታክሲ ቤቷ ሄዳ ልጇን ታቅፋለች። ይህንን ደግነት ማንም እንዲያጠፋው አልፈልግም፤ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ሳሙና ይግባ ነው የምለው።

ጓንትስ? ጓንት እኛ ዘንድ ሌላ ትርጉም አለው። እናትን በጓንት መንካት "ተጸየፈችኝ" ያስብላል፣ ጠያቂም ይታዘባል። በሌላ በኩል አንድ ጓንት ከጠዋት እስከ ማታ አድርጎ በዚያው ስልክ የሚያነሳ፣ በር የሚከፍት፣ ብር የሚቆጥር አለ፤ በኮሮና ጊዜ በየበሩ ያየነው ነው። ጓንት ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሥራ ነው። ሲወልቅም እጅ ይታጠባል። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን የሚያስረዳ የለም።

የሽንት ከረጢት ከፊኛው ዝቅ ብሎ መንጠልጠል እንዳለበት፣ ወለል መንካት እንደሌለበት፣ በሽተኛው ሲነሳ ደረቱ ላይ እንደማይቀመጥ ስንቶቻችን ተነግሮናል? መገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ጀርባው እንደሚቆስልስ? ደም የነካው ጥጥ ቢጫው ቅርጫት ውስጥ እንደሚጣል፣ መርፌ እንደማይነካ፣ የቆሸሸ አንሶላ እንደማይራገፍስ? በሳሙናና በውኃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው የሚወስደው።

ነርሶቹን እየከሰስኩ አይደለም። ሌሊቱን ክፍሉን ሙሉ ብቻዋን የያዘች ነርስ መድኃኒት ሰጥታ ከጨረሰች ትልቅ ነገር ነው። የምወቅሰው አስታማሚውን እያሠራ እንደሌለ የሚቆጥረውን አሠራር ነው። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ ሲገኝ አገር ደነገጠ። ማርበርግ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ንክኪ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ፈሳሹን የሚጠርገው ማን ነው? ከጤና ባለሙያው ጎን የቆመችው እህት ናት።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀላል ነው። በሽተኛ ሲተኛ አስታማሚው ተመዝግቦ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ሩብ ሰዓት ይማር፤ በእጁም ሠርቶ ያሳይ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ትምህርት አይደለም፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ጌጥ ነው። ውኃ በማይመጣበት ክፍል ይህ ሁሉ ወሬ ስለሆነ ሮቶውና ሳሙናው ከቀለም ቅቡ በፊት ይቅደም።

ቀጥሎ ግን ሥራው ሠራተኛ ይፈልጋል። "በጀት የለም" ይባላል። ዓረብ አገር ለቤት ሥራ ለሚሄዱ ልጆች ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ አዋጅ ያወጣን ሰዎች ነን። ለሰው ቤት የምናሠለጥነውን ያህል ለራሳችን ሕሙማን ረዳት ማሠልጠን እንዴት ያቅተናል? አስታማሚውም እኮ ነጻ አይደለም። ከሥራው ቀርቶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ እርሻውን ትቶ ነው የሚመጣው። ወጪው በበጀት መዝገብ ላይ ስላልተጻፈ ብቻ የሌለ መስሎናል።

እስከዚያው ዛሬ ማታ ተራ የሚደርሳችሁ ካላችሁ፣ ከምሳ ዕቃው ጋር ሳሙናና ንጹሕ ፎጣ ያዙ፤ ቧንቧው ከደረቀ በሃይላንድ ውኃ አይጥፋ። አባባ ሲጠሯችሁ "መጣሁ፣ እጄን ልታጠብ" በሏቸው። አይቀየሙም።