የባሕር ኃይል ጥያቄና የፍሪጌቱ ትምህርት



ኢትዮጵያ ምን ዓይነት የባሕር ኃይል ያስፈልጋታል የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነስቷል። የኛ አቋም ግልጽ ነው፤ መርከብ ከመምረጥ በፊት ሥጋትን መመርመር ይቀድማል።

በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. «ማርሻል ሻፖሽኒኮቭ» የተባለው የሩሲያ ፍሪጌት ምጽዋ ገብቶ ነበር። ይህ በ1986 አገልግሎት የጀመረና በኋላ የታደሰ መርከብ ከመነሻው የተሠራው ሰርጓጅ መርከብ ለማደን ነው። አሠራሩ ለኛ ለሕክምና ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። በአልትራሳውንድ ድምፅ ወደ ሰውነት ልከን ማሚቶውን እንደምናነብ ሁሉ፣ የመርከቡ ሶናርም ድምፅ ወደ ውኃ ልኮ የሚመለሰውን ያዳምጣል፤ ሄሊኮፕተሮቹ ደግሞ ርቀው ይፈልጋሉ። ነገር ግን የሞቀና የቀዘቀዘ ውኃ ሲደራረብ ድምፁ አቅጣጫውን ይስታል፤ ሰርጓጁም ከሥር ይደበቃል። ባሕሩን ያላጠና ባለሙያ መሣሪያ ይዞም ደንቆሮ ነው።

እኛ በምንማርባት በሙስካት በኩል እንዲህ ያለ መርከብ ምክንያት አለው። ኢራን በ1990ዎቹ ሦስት ሰርጓጅ መርከቦች ከሩሲያ በመግዛቷ፣ በኦማን ባሕረ ሰላጤ የሚዘዋወር ጦር ሁሉ ከውኃ በታች ያለውን ማዳመጥ ግድ ሆኖበታል።

የኛ አገር ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1983 እና በ1984 «ፔትያ» የተባሉ ሁለት ፍሪጌቶች ለደርግ መንግሥት ሰጠች። መድፍ ቢኖራቸውም የተነደፉት ለፀረ-ሰርጓጅ ውጊያ ነበር። ሻዕቢያ ደግሞ አንድም ሰርጓጅ መርከብ አልነበረውም፤ በየካቲት 1990 ምጽዋን የያዘው በእግረኛ፣ በታንክና በፈጣን ጀልባ ነው። በ1991 የተረፉት መርከቦች ወደ ጎረቤት አገሮች ተበተኑ፤ በ1996 የባሕር ኃይሉ ፈረሰ። በሽታው ሳይታወቅ የታዘዘ መድኃኒት ውጤቱ ይኸው ነው።

በመጋቢት 2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሞ የባሕር ኃይሉን መልሶ ማቋቋም ተጀምሯል። እንግዲህ ጥያቄው «ከሩሲያ ወይስ ከፈረንሳይ እንግዛ?» መሆን የለበትም። ማን ያሰጋናል? በምን? መርከቡስ በየትኛው ወደብ ያድራል? እነዚህ ሳይመለሱ አንድ ብር ሊወጣ አይገባም። ሂሳቡን የሚከፍለው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያስተማረን ሰፊው ሕዝብ ነውና።

ስለዚህ መንግሥት አስቀድሞ የባሕር ጥናት፣ የመርከብ ምሕንድስናና የባሕር ሕግ ባለሙያዎችን ያሠልጥን፤ በውጭ ያለን ተማሪዎችም እነዚህን ሙያዎች እንምረጥ እንላለን። መርከብ በስጦታ ይገኛል፤ የሚያዳምጥ ጆሮ ግን የሚገኘው በትምህርት ብቻ ነው።