መስመሩ የእሱ፣ ብርሃኑ የማን?

ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት መስታወት ጀርባ ተቀምጬ እውላለሁ። መስታወት ለእኔ ሰው የሚያሳየኝ፣ ከሰውም የሚለየኝ ግርዶሽ ነበር። ብርሃን ውስጡ ገብቶ የሚያድርበት ገላ ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት የያሮስላቫ ብሪኽቶቫን ሥራዎች በፎቶግራፍ ካየሁ በኋላ ነው።

ብሪኽቶቫ እ.ኤ.አ. በ1924 ዜሌዝኒ ብሮድ በምትባል የቼክ የመስታወት ሠሪዎች ከተማ ተወለደች። ከ1950ዎቹ አጋማሽ አንስቶ ከሠዓሊው ስታኒስላቭ ሊበንስኪ ጋር፣ እሱ በ2002 እስኪያርፍ ድረስ አብራ ሠራች። እሱ በወረቀት ላይ ይሥላል፤ እሷ ሥዕሉን በጭቃ ታበጀዋለች። በጭቃው ላይ ጄሶ ይፈስስና ቅርጹ ይወሰዳል፤ በባዶው ጄሶ ውስጥ የመስታወት ስብርባሪ ተሞልቶ ምድጃ ይገባል። ትልቅ ሥራ ከቀለጠ በኋላ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፤ የተቸኮለበት ይሰነጠቃል።

ይህን የሥራ ክፍፍል የሰማ ሰው «እሱ አሰበ፣ እሷ ፈጸመች» ለማለት ይፈጥናል። እኔ አልስማማም። ባለ አንድ ቀለም መስታወት ውስጥ ጥላና ብርሃን የሚወለዱት ከውፍረቱ ነው፤ የሳሳው ይፈካል፣ የወፈረው ይጠቁራል። ወረቀት ደግሞ ውፍረት አያውቅም። ጭቃው የት እንዲሳሳ፣ የት እንዲጎደጉድ የወሰነችው እጅ ብርሃኑንም ወስናለች። ደግሞም ብሪኽቶቫ መስታወትን በቅርጽ ማቅለጥ መሞከር የጀመረችው ሊበንስኪን ከማግኘቷ በፊት፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ነበር።

እኛ የቅኔ ወዳጆች «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የወሰድነው ከአንጥረኛ ነው። ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይቀራል። ታዲያ ሰሙን ያበጀ እጅ «ረዳት» ይባላል? ማታ ማታ ግጥም ስሞክር ሐሳብ አላጣም፤ የማጣው ሐሳቡን የሚሸከም ቃል ነው።

በ1999 አሜሪካዊቷ ካረን ላሞንት ወደዚያው አገር አቀናች። በተከታዩ ዓመት በሰው ቁመት ልክ የሆነ የመስታወት ቀሚስ አወጣች። ለባሿ የለችም፤ የገላዋ አሻራ ግን ከውስጥ ታትሟል።

ብሪኽቶቫ በ2020 አረፈች። ሥራዎቹ የሚጠሩት በሁለቱም ስም ነው፤ ሁለተኛውን ስም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አናንብበው። ጭቃው ዛሬ የለም። የጣቶቿ ውሳኔ ግን ብርሃን በገባ ቁጥር ይታያል።