ጎብኚ ነሽ ወይስ ምዕመን?

በዚህ ሴሚስተር በቅርስ አስተዳደር ኮርሳችን ላይ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። ሰው ዛሬም የሚጸልይባቸው ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት በራቸው ላይ ትኬት ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ? ከክፍላችን አብዛኛው "ይቆረጥ" አለ። እውነቱን ለመናገር የነሱ ክርክር ቀላል አይደለም። ጣሪያ ያፈሳል፣ ድንጋይ ይፈረፈራል፣ ጥበቃ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡም ካለው ሰው ማለትም ከጎብኚው ይምጣ ነው የሚሉት። እኔ ከጥቂቶቹ ወገን ነበርኩ። በክፍል ውስጥ ሐሳቤን ለመዘርዘር ሰዓቱ አልበቃም፤ አሁን ይህ ገጽ ስለተሰጠኝ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ። "ስስታም ስለሆንሽ ነው" የምትሉኝ ጓደኞቼም እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ።

ምሳሌዬን የማመጣው ከፈረንሳይ ነው። ባለፈው ክረምት ሩዋን በምትባል ከተማ ስድስት ሳምንት ተቀምጬ ነበር። ሩዋን ከፓሪስ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የምትርቅ፣ በሴን ወንዝ ዳር ያለች የኖርማንዲ ጥንታዊ ከተማ ነች። አሮጌው ሰፈር በእግር የሚያልቅ ነው። ከካቴድራሉ ተነስቶ የሴንት ማክሉንና የሴንት ዋንን አብያተ ክርስቲያናት፣ ከዚያም ዣን ዳርክ በተቃጠለችበት አደባባይ ላይ ያለውን ለማዳረስ ግማሽ ቀን ይበቃል። እኔ ግን ስድስት ሳምንቱን ሙሉ ስመላለስባቸው ነው የከረምኩት። አንዳቸውም በር ላይ ስለማይከፈል ከገበያ ስመለስ፣ ዝናብ ሲይዘኝ (ሩዋን ደግሞ ዝናብ አትሰስትም)፣ ወይም እግሬ ሲደክመኝ ለአስር ደቂቃ ገብቼ እወጣለሁ። ትኬት የቆረጠ ሰው እንዲህ አያደርግም። የከፈለበት እንዳይባክን በአንድ ቀን ሁሉንም ነገር አይቶ፣ ፎቶውን አንስቶ ይወጣል፤ ሁለተኛም አይመለስም።

በሩ በነፃ የሚከፈተው በደግነት ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳይ በ1905 ሃይማኖትንና መንግሥትን የለየችበትን ሕግ ካወጣች በኋላ፣ ቀድሞ ከተሠሩት ካቴድራሎች አብዛኞቹ የመንግሥት ንብረት፣ ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የየከተማውና የየመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ንብረት ሆነው ቀጠሉ። ካህናቱና ምዕመናኑ ያለ ኪራይ ይገለገሉባቸዋል፤ ግድግዳውና ጣሪያው የባለቤቱ ጉዳይ ነው። የዚሁ ሕግ 17ኛ አንቀጽ በቅርስነት የተመዘገቡትን ሕንፃዎች መጎብኘት ለሕዝብ ክፍት መሆኑንና ምንም ዓይነት ቀረጥ ወይም ክፍያ ሊጠየቅበት እንደማይችል ይደነግጋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሩ ለማንም በነፃ ይከፈት ብለው የደነገጉት ጳጳሳት አይደሉም፣ ሃይማኖትን ከመንግሥት የለዩት ሕግ አውጪዎች ናቸው። እኔ ወደዚያ ከመሄዴ በፊት የገመትኩት የዚህን ተቃራኒ ነበር።

አሁን ወደ ካቴድራሉ እንግባ። ስሙ እንደ ፓሪሱ ኖትር ዳም ነው፤ "እመቤታችን" ማለት ነው። በ1200 ከደረሰበት ቃጠሎ በኋላ እንደገና የተገነባ ሲሆን፣ ከመካከሉ የሚወጣው ሾጣጣ የብረት ጉልላት 151 ሜትር ይረዝማል። በፈረንሳይ ይህን የሚያህል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት የለም፤ ከ1876 እስከ 1880 ባሉት ዓመታትም የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ይኸው ነበር። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ በ1892 እና በ1893 ከፊት ለፊቱ ባሉ ቤቶች ቦታ ተከራይቶ አንዱን የፊት ገጽ ብቻ፣ አንዴ በጠዋት፣ አንዴ በቀትር፣ አንዴ በጭጋግ፣ ከ30 ጊዜ በላይ ስሎታል። እኔም በተለያየ ሰዓት ስመላለስ ሰውዬው ለምን እንደዚያ እንደደከመ ትንሽ ትንሽ ገባኝ። ድንጋዩ በጠዋት ግራጫ ነው፤ ማታ ማታ ግን ማር ይመስላል።

ለክርክራችን ግን ከሁሉ የሚበልጠው በስተቀኝ ያለው ግንብ ነው። ስሙ "የቅቤ ግንብ" ይባላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተጀምሮ በ16ኛው መጀመሪያ ያለቀ ሲሆን፣ እንደሚነገረው ከወጪው ከፊሉ የተሸፈነው በዐቢይ ጾም ቅቤና ወተት እንዲፈቀድላቸው የፈለጉ ሰዎች በከፈሉት ገንዘብ ነው። ስሙ የመጣው ከድንጋዩ ቢጫማ ቀለም ነው የሚሉም አሉ። የቅቤውን ታሪክ ለእናቴ በስልክ ስነግራት "እና ጾሙን ሸጡት?" ነው ያለችኝ። የ"ይከፈል" ወገኖች ይህን ቢሰሙ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ "አየሽ፣ ያኔም ሕንፃው የቆመው በክፍያ ነው" ይላሉ። ልክ ነው፣ ያለ ገንዘብ የቆመ ግንብ የለም። ነገር ግን ልዩነቱን እንይ። ያኔ የከፈለው ሰው የገዛው ቅቤ የመብላት ፈቃድ ነው። ያልከፈለው ደሃ ደረቁን እየበላ ቢጾምም በሩ ላይ ግን የከለከለው አልነበረም። ነገርዬው በጊዜው ብዙ አስወቅሷል፣ ለእኔም አይጥመኝም፤ የዛሬው ትኬት ግን ከዚያ አልፎ በሩን ራሱን መሸጥ ነው።

ይህ ክርክር የእኛ ክፍል ብቻ አይደለም። በ2024 ጥቅምት ወር፣ የፓሪሱ ኖትር ዳም ከ2019ኙ ቃጠሎ በኋላ ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው፣ ያን ጊዜ የባህል ሚኒስትር የነበሩት ራሺዳ ዳቲ ለጉብኝት ከሚገባው ሰው ሁሉ 5 ዩሮ ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በዓመት 75 ሚሊዮን ዩሮ ይገኝበታል፣ ገንዘቡም በመላ አገሪቱ የሚፈርሱትን አብያተ ክርስቲያናት ያድናል አሉ። ለቅዳሴ የሚመጣው አይከፍልም፣ ጎብኚው ነው የሚከፍለው። የፓሪስ ሀገረ ስብከት አልተቀበለውም፤ የቤተ ክርስቲያን በር ለማንም በነፃ ክፍት መሆን አለበት ብሎ በአቋሙ ጸና። በታኅሣሥ ወር ሲከፈትም መግቢያው ነፃ ነበር።

የሚኒስትሯ ዓላማ ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከበሩ ላይ ካለው ጥያቄ ጋር ነው። ጎብኚውን ከምዕመኑ የሚለየው ማን ነው? በምንስ ይለየዋል? እስቲ እኔን ውሰዱኝ። አንገቴ ላይ ማተብ አለ፣ እጄ ላይ ካሜራ አለ፣ ካቶሊክ አይደለሁም፣ ፈረንሳይኛዬም የሚያኮራ አይደለም። ትኬት ቆራጩ "ጎብኚ ነሽ ወይስ ምዕመን?" ቢለኝ ምን ልበለው? ፎቶ ላነሳ ገብቼ ሻማ አብርቼ የወጣሁበት ቀን አለ። ልጸልይ ገብቼ የመስኮቶቹን ቀለም ሳይ ጸሎቱን የረሳሁበትም ቀን አለ። ሰው ምን እንደሆነ አንዳንዴ የሚታወቀው ከገባ በኋላ ነው።

የእኛው ላሊበላ እዚህ ላይ ይነሳ ይሆናል፤ በክፍላችንም ተነስቷል። እዚያ የውጭ አገር ጎብኚ ይከፍላል፣ ምዕመኑ አይከፍልም፤ ታዲያ ምን ችግር አለው ተባለ። ችግሩ አይታየንም፤ ምክንያቱም እዚያ እኛ ባለቤቶች ነን። ሩዋን ላይ ግን የውጭ አገር ሰው እኔ ነኝ። በዚያ ሥርዓት ብንሄድ እዚያ ተንበርክኬ የምጸልየው እኔ እከፍላለሁ፤ እግዚአብሔር የለም የሚለው የከተማው ልጅ ግን ሰተት ብሎ በነፃ ይገባል። ላሊበላ አያስከፍል እያልኩ አይደለም፤ ገቢው ለብዙ ሰው እንጀራ መሆኑን አልዘነጋሁትም። "ምዕመን" የምንለውን በር ላይ የምንለየው በፊትና በፓስፖርት መሆኑን ግን እንወቀው ነው የምለው።

አሮጌው የገበያ አደባባይ ላይ ያለው የዣን ዳርክ ቤተ ክርስቲያን ይህን በሌላ መንገድ ያሳያል። ዣን ዳርክ በግንቦት 30 ቀን 1431 በእሳት የተቃጠለችው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ፍርዱ በ1456 ተሽሮላት በ1920 ቅድስት ተባለች። ቤተ ክርስቲያኑ ግን አዲስ ነው። ሉዊ አሬች የተባለው አርክቴክት ነድፎት በ1979 ያለቀ ሲሆን፣ ጣሪያው የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል። መጀመሪያ ከውጭ ሳየው አልወደድኩትም፤ ዛሬም ከውጭ አልወደውም። ሲገቡ ግን አንዱ ጎን ሙሉ በሙሉ በባለቀለም መስታወት ያበራል። እነዚህ መስታወቶች የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው፤ የመጡትም ሴንት ቬንሳን ከሚባል ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1939 ጦርነት ሲመጣ የሩዋን ሰዎች መስታወቱን አውርደው ደበቁት። በ1944 ሴንት ቬንሳን በቦምብ ፈረሰ፤ መስታወቱ ተረፈ። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ቦታ ተበጀለት። ከጎኑ የከተማው ገበያ አለ፤ ጎመኑንና ዓሣውን የገዙ አሮጊቶች ዘንቢላቸውን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ከመስታወቱ ሥር ትንሽ አረፍ ብለው ይሄዳሉ። ይጸልያሉ? ያርፋሉ? መስታወት ያያሉ? አልጠየቅኳቸውም፤ ማንም አይጠይቃቸውም። መስታወቱን ያስወረዱትና የደበቁት የነሱ ወላጆች ትውልድ ናቸው። እነዚህን ሴቶች ትኬት አሳዩ ማለት ይቻላል?

ሴንት ማክሉ ትንሽ ነው፤ በ1430ዎቹ ተጀምሮ በ1521 የተባረከ፣ ድንጋዩ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ሕንፃ። አጠገቡ በጥቁሩ ሞት ወረርሽኝ ጊዜ የሞቱት የተቀበሩበት ግቢ አለ፤ ዙሪያውን ያሉት የእንጨት ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ላይ የራስ ቅል፣ አጥንትና የቀባሪ አካፋ ተቀርጿል። እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ማየት እንጂ መጻፍ አያረካም።

ሴንት ዋን ግን ያሳስበኛል። በ1318 የተጀመረ የገዳም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን 137 ሜትር ይረዝማል፤ የውስጡ ከፍታ 33 ሜትር ነው። በ1890 የተተከለው ትልቁ የቧንቧ ኦርጋን በሙዚቃ ሰዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። መነኮሳቱ በአብዮቱ ዘመን ተበተኑ፤ ያድሩበት የነበረው ሕንፃ ዛሬ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ መደበኛ የጸሎት አገልግሎት አይሰጥም፤ ኮንሰርትና ኤግዚቢሽን ይካሄድበታል። በውበት ካቴድራሉን ይበልጣል ብል አላፍርም፤ ብርሃኑ ሌላ ነው። ነገር ግን ውስጡ ስገባ ምን እንደጎደለው ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። በኋላ ደረስኩበት፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚያየው፣ የተቀመጠ የለም። ሴንት ዋን ትኬት ስለተቆረጠበት እንዲህ አልሆነም፣ ታሪኩ ሌላ ነው። በር ላይ ትኬት ስንቆርጥ ግን የቆሙትን አብዝተን የተቀመጡትን እናሳንሳለን፤ ከጊዜ በኋላ የምናስጎበኘው እንዲህ ያለውን ባዶ ውበት ይሆናል። የሚገርመው ደግሞ ጎብኚው ራሱ የሚመጣው የተቀመጡትን ለማየት ጭምር ነው።

ገንዘቡስ? እውነተኛው ጥያቄ ይኸው ነው፣ አላመልጠውም። የሩዋን ካቴድራል በ1944 በተባበሩት ኃይሎች ቦምብ ተመታ፣ ከግንቦቹም አንዱ ተቃጠለ። በ1999 መጨረሻ በተነሳው ማዕበል ከላዩ ያለ ቅርጽ ተገንጥሎ ጣሪያውን በስቶ ወደቀ። በሐምሌ 11 ቀን 2024 ደግሞ በጥገና ላይ የነበረው ጉልላት ጭስ ሲወጣው ከተማው በሙሉ ተደናገጠ፤ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም፣ የተቃጠለውም በአብዛኛው ለጥገናው የተሸፈነበት ፕላስቲክ ነበር። ይህን ሁሉ የሚጠግን ገንዘብ ከሻማና ከሙዳየ ምጽዋት አይገኝም። የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ማለትም ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ነው። ትንንሽ መንደሮች አቅም አንሷቸው አብያተ ክርስቲያናቸውን መዝጋታቸውም እውነት ነው።

ስለዚህ ምንም አይከፈል አላልኩም። ግንብ መውጣት ይከፈልበት፤ ደረጃውን የሚወጣ ሰው ለጸሎት አይደለም የሚወጣው፣ አስጎብኚም ያስፈልገዋል። ዕቃ ቤቱን፣ ማለትም የወርቅና የብር ንዋያተ ቅድሳቱን ማየት ይከፈልበት። የምሽት ኮንሰርት፣ የሚገዛ መጽሐፍ፣ የአስጎብኚ አገልግሎት ይከፈልበት። ይህን የፈረንሳይ አሠራርም ይፈቅደዋል፤ በየካቴድራሉ ግንብና ዕቃ ቤት ትኬት ሲቆረጥ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማው ደግሞ ከጎብኚው የሚያገኘው በሆቴሉ፣ በምግብ ቤቱና በባቡሩ ነው። እኔ ለቤተ ክርስቲያን በር አንድ ሳንቲም ሳልከፍል በዙሪያው ባሉት ካፌዎች ያወጣሁት ገንዘብ ለአባቴ የማይነገር ነው።