ይቀመጡ ጋሼ

ይህን የምጽፈው ቅልጥሜ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ይዤ ነው። የመታኝ የገና ሩር ነው። ዕድሜዬ 58 ነው። ሠፈራችን ውስጥ ወሬ የሆነው ታዲያ እብጠቱ አይደለም፤ ዕድሜዬ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርታ «ጋሼ ደኅና ናቸው? ጠበል ብትወስጃቸውስ?» ብላታለች አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ዳባት ነው። ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት፣ እግራችን በውርጭ እየተንገበገበ፣ ጫፉ የቆለመመ ወይራ ይዘን መንደር ከመንደር ገና እንጫወት ነበር። ጎንደር ከተማ ገብቼ ቢሮ ከያዝኩ በኋላ ግን ዱላውን ለ35 ዓመት ያህል አልነካሁትም። ከዕለታት አንድ ቀን ሐኪም ስኳሬ ከፍ ማለቱን ነግሮኝ ሲያበቃ «ቀኑን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?» አለኝ። አሰብኩና እውነቱን ነገርኩት። «እቀመጣለሁ።»

የገና ዕለት የሠፈሩ ልጆች አንድ ሰው ጎድሏቸው ሲነታረኩ ደረስኩ። «እኔ አለሁ» አልኳቸው። ተሳሳቁ። አንዱ ጨዋ ልጅ ሮጦ ሄደና ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ወንበር!

ጠቤ ከዚህች ወንበር ጋር ነው። ልጁን አልወቅስም፤ ያሳደግነው እኛ ነን። እኛ አገር ሰው ፀጉሩ ሸበት ሲል ወንበር ይከተለዋል። ሠርግ ቤት ወንበር፣ ለቅሶ ቤት ወንበር፣ ዕድር ወንበር፣ ማኅበር ወንበር። ገና ከበር ብቅ ሲል ጎረምሳው ብድግ ይላል፣ ሽማግሌው ዘፍ ይላል። መንቀሳቀስ የሚገባው ተቀምጦ፣ ያልደከመው ቆሞ ይውላል። አክብሮታችን ከወገብ በታች ሽባ አድርጎናል። ደግሞ ይህ የሚሆነው እንደ ዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ለመላ አገሪቱ የጤና መኮንን ስታፈራ በኖረች ከተማ ነው!

«ለትልቅ ሰው አያምርም፣ ባህላችን አይደለም» የሚሉኝ አሉ። የማን ባህል? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ተረት እስቲ ረጋ ብላችሁ አስቡት። ጌታው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያይ ቢሆን ኖሮ ምን ያስቆጣዋል? የሚያስቆጣው ቅልጥሙን ሲያገኙት ነው! ተረቱ ራሱ ምስክር ነው፤ ርስት ያለው፣ ሎሌ የሚያዝዝ ጎልማሳ ሰው ሜዳው መሀል ነበር። ሎሌው ይጋፋዋል፣ ይዘልፈዋል፣ ሩሯን ይቀማዋል፤ እሱም ችሎ ይጫወታል። ያ ሁሉ ክብር የነበረው ሰው ያልናቀውን ጨዋታ፣ የመዝገብ ቤት ሹም የነበርኩት እኔ ልንቀው?

ፈረንጆቹንም እንይ። የስኮትላንድ ሰዎች ገናችንን የሚመስል በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው፤ በአዲስ ዓመታቸው የመጫወት ልማድም ነበራቸው። እንግሊዞች ደግሞ የዱላ ጨዋታቸውን ሕግ አበጁለትና እ.ኤ.አ. በ1886 ለንደን ላይ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሆኪ ተባለ። ዛሬ ሆኪ በዕድሜ እርከን የተከፋፈለ ዓለም አቀፍ ውድድር አለው። ከ35 ዓመት ይጀምርና እያለ እያለ ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች ይደርሳል። 75! እኛ ዘንድ በዚያ ዕድሜ ሰው ደረጃ ሲወርድ ሁለት ልጅ ነው የሚደግፈው።

የእኛ ገናም ቢሆን ወጉ አልቀረበትም፤ ከትግልና ከገበጣ ጋር በባህል ስፖርት ተሰልፎ ይወዳደሩበታል። ተወዳዳሪው ግን ወጣት ነው፣ የቀረነው ደግሞ በዓመት አንድ ቀን አጨብጫቢ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር 65 ዓመት የሞላው ሰው ሚዛኑንና ጉልበቱን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ያድርግ ይላል። ማጎንበስ፣ መሮጥ፣ ቀጥ ማለት፣ መዞር፤ ገና ከዚህ ሌላ ምን አለው?

«አጥንትህ ቢሰበርስ?» ያለኝ ወዳጄ ግን እውነት አለው። የእንጨት ሩር ድንጋይ ነው፤ በልጅነቴ ጥርስ ሲያወልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ዕድሜያችን ለገፋ ሰዎች ጨርቅ ጠቅልለን በቆዳ ሰፋንበት፣ ዱላም ከጉልበት በላይ አይነሣ አልን። ጎረምሶቹ «የሕፃን ጨዋታ አደረጋችሁት» ብለው አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ። አሁን አራት ሆነናል፤ አንዱ ጡረተኛ መምህር ነው። ያቺ ወንበር ዛሬም ትመጣለች፤ ጋቢያችንን እናስቀምጥባታለን።

መልስ ያጣሁለት የባለቤቴን ጥያቄ ነው። ይህን ጽሑፍ ሳነብላት ምድጃው አጠገብ ቆማ ታዳምጥ ነበር። «አንተን ወንበር አስጨነቀህ» አለችኝ፤ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማን ወንበር አምጥቶልኝ ያውቃል?» እውነቷን ነው። ከጎህ እስከ ምሽት ቆማ የምትውለው እሷ ናት፤ ሜዳው ላይ ግን የሷ እኩዮች የሉም። ገና የወንድ ጨዋታ ነው ብለን ዘግተነዋል። የውጮቹ ሴቶች በጎልማሳነታቸው ዱላ ይዘው ለአገራቸው ሲሰለፉ፣ የእኛዎቹ ለበዓሉ ዶሮ ሲበልቱ ይውላሉ።

«ለመሆኑ ለኔ ዱላ ቆርጠህልኛል?» አለችኝ።

አልቆረጥኩም። ቅዳሜ ቆልማማ ወይራ ፍለጋ እወጣለሁ፤ ዶሮውን ማን እንደሚሠራው ግን ገና አልተነጋገርንም።