መጀመሪያ ሜዲካል፣ ከዚያ ዋንጫ

አንድ አጥቂ የቱንም ያህል ስም ቢኖረው ሜዲካል ከወደቀ ዝውውሩ አበቃለት። ይህን የማያውቅ የኳስ አፍቃሪ የለም። በእንግሊዝ የውሻ ቁንጅና ውድድር ግን ነገሩ ለረጅም ዓመታት የተገላቢጦሽ ነበር። ዋንጫው ይቀድማል፣ ጤናው ይከተላል።

ጉዱን ያፈረጠው እ.ኤ.አ. በ2008 በቢቢሲ የታየ ዘጋቢ ፊልም ነው። ንጹህ ዘር የሚባሉት ውሾች በቅርብ ዝምድና እየተዳቀሉ ለዘር በሽታ መዳረጋቸውን አጋለጠ። የራስ ቅሉ ለአንጎሉ ጠቦት የሚሰቃይ ውሻ ሳይቀር ለሽልማት ይቀርብ ነበር። ቢቢሲም በቀጣዩ ዓመት የታዋቂውን ክራፍትስ ውድድር ስርጭት ተወ። በ2012 ክራፍትስ ከ15 ዝርያዎች ያሸነፉትን በእንስሳት ሐኪም ማስመርመር ሲጀምር 6ቱ ወደቁ! ቡልዶግና ፔኪንጊዝም አልቀረላቸውም። ምርመራው ጥሩ ነው፤ ግን የመጣው ዳኛው ከመረጣቸው በኋላ ነበር። ካስፈረመ በኋላ ሜዲካል የሚያደርግ ክለብ የታለ?

በሌላ በኩል የእረኛ ውሾች ውድድር አለ። ዌልስ ውስጥ ባላ ከተማ ላይ በ1873 የተካሄደው በብሪታንያ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። እዚህ ቁንጅና ነጥብ አያሰጥም። ውሻው በጎቹን ከሩቅ ዞሮ ያመጣል፣ ይነዳል፣ ይለያል፣ በረት ያስገባል። ሰዓት አለ፣ ስህተት ነጥብ ያስቀንሳል። ዓለም አቀፉ የበግ ጠባቂ ውሾች ማኅበርማ የዘር ወረቀት የሌለውንም ውሻ ሥራውን ገምግሞ፣ ዓይኑን አስመርምሮ ይመዘግባል።

እርግጥ እዚህም እንከን አይጠፋም። የ1965ቱ ሻምፒዮን ዊስተን ካፕ ጎበዝ ስለነበር ሁሉም ከእሱ ማስወለድ ፈለገ። ዛሬ እጅግ ብዙ ቦርደር ኮሊዎች የእሱ ዘር ናቸው። በአንድ ኮከብ ላይ መንጠልጠል ቡድንን እንደሚጎዳ ሁሉ ዘርንም ያጠባል። ስለዚህ ሥራ ብቻውን አይበቃም፤ ጤናም፣ የዘር ስፋትም አብሮ መታየት አለበት።

ለነገሩ በ1966 የተሰረቀውን የዓለም ዋንጫ ለንደን ውስጥ አነፍንፎ ያገኘው ፒክልስ ክልስ ውሻ ነበር። ያኔ የዘር ወረቀቱን የጠየቀ የለም። ሥራውን ሠራ፣ አለቀ።

ውሻው መጀመሪያ እንደ ልቡ ይተንፍስ፣ ይሩጥ። ቁንጅናው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።