የቤንዚን ፓምፕ የት ይታሰር?

በዚህ ዓምድ ስለ ኡልፓን፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ስለ መኪና እንነጋገራለን። ነገሩ የሜካኒክ ጉዳይ ቢመስልም ወደ እኛ የመጣው በቤተሰብ ጠብ በኩል ነው።

አንድ አባት ቢሯችን መጥተው «ልጄ ቤታችንን ሊያቃጥል ነው፤ ብነግረው አይሰማኝም» አሉን። ልጁ ከወታደርነት ሲመለስ አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ ሞተሩን አውጥቶ የሌላ መኪና ሞተር አስገብቶበታል። ይህኛው ሞተር የራሱ የነዳጅ ፓምፕ ስለሌለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገዝቶ ከኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ አጠገብ አሰረው። የቤንዚኑን ጀሪካን ደግሞ በሕንፃው ሚቅላት ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። መኪናው ሙቀት ሲበረታ ዳገት ላይ ቀጥ ይላል።

ቤታቸው ሄደን ሁለቱንም አነጋገርን። ልጁ «አባዬ ስለ መኪና ምን ያውቃል?» አለን። አባትየው በጎንደር ብረት ሠሪ ነበሩ። ቀስ ብለው «ወናፍ ከእሳቱ አጠገብ አይቀመጥም፤ ቆዳው ይነዳል። ራቅ ብሎ በሸክላ ቧንቧ ነፋሱን ይገፋል» አሉ። ፈቃድ ካለው ሙሳክ አንድ ሜካኒክ ጠየቅን። «አባትህ ልክ ናቸው» ብሎ ምክንያቱን አስረዳን።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግፋት ይችላል፤ ከሩቅ መሳብ ግን ይከብደዋል። ቤንዚን ሲሳብ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ሙቀት ሲጨመርበት ቶሎ ወደ ትነት ይለወጣል፤ ፓምፑም ትነቱን መግፋት ያቅተዋል። መኪናው ዳገት ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። ስለዚህ፦

ፓምፑ ከኋላ፣ ከሰልባትዮው አጠገብ፣ ከሰልባትዮው ሥር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ይታሰር። ከማርሚታው ይራቅ። ድንጋይ እንዳይመታው ከሻንሲው በታች አይንጠልጠል፤ ከኋላ ግጭት ቢደርስ በሚጨፈለቅበት ቦታም አይሁን። ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይታሰርም። ድምፁ እንዲቀንስ ከሥሩ ጎማ ይደረግለት። ቆሻሻ እንዳይገባበት ከፊቱ ፊልትሮ ይኑረው። ቱቦው ለቤንዚን የተሠራ ይሁን፤ የውኃ ቱቦን ቤንዚን ይበላዋል።

ግፊቱም ይታይ። ካርቡራተር ላለው ሞተር ግማሽ ባር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል፤ የኢንጄክሽን ፓምፕ ግን 3 ባርና ከዚያም በላይ ስለሚገፋ ካርቡራተሩን ያጥለቀልቀዋል።

ከሁሉም በላይ ይህን አስተውሉ። በሞተሩ የሚዞረው የድሮ ፓምፕ ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። የኤሌክትሪኩ ግን ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ይሠራል፤ በአደጋ ጊዜ ቱቦ ቢበጠስ ቤንዚኑን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ፊውዝና፣ ሞተሩ ሲቆም ወይም ግጭት ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መሣሪያ የግድ ያስፈልገዋል።

ሥራው ሲሠራ ባትሪው ይፈታ፤ ሲጋራ አይጨስ፤ ቦታው ክፍት ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ እንደ ሚቅላት ባለ ዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። እሳት ከተነሳ ሰዎችን አስወጥታችሁ በ102 ወደ እሳት አደጋ ደውሉ።

የሕጉም ነገር አይረሳ። በእስራኤል የመኪናን አሠራር ያለ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ መለወጥ አይቻልም። ሞተር የሚለውጥ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሚስራድ ሃሪሹይን ይጠይቅ። አለበለዚያ መኪናው ቴስት ላይ ይወድቃል፤ አደጋ ሲደርስም ከኢንሹራንሱ ጋር ክርክር ይመጣል።

ጀሪካኑ በዚያው ቀን ከሚቅላቱ ወጣ። ፓምፑን አባትና ልጅ ከሜካኒኩ ጋር ሆነው ወደ ኋላ አዛወሩት። መኪናው ፈቃዱን እስኪያገኝ ድረስ ቆሟል፤ ልጁም አልተደሰተም። ነገር ግን ማሰሪያውን ብረት ያጠፉለት አባቱ ናቸው፤ «እንዴት እንዲህ ቀና?» ብሎ ሲጠይቃቸው እኛም ሰምተናል።

ወላጆች ሆይ፣ ቋንቋው ቢያስቸግራችሁም የምታውቁትን ከመናገር አትቆጠቡ። ልጆችም አዳምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ሰላም ሁኑ።