ዳገቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ድብርት

ወደ አርሲ ነገሌ የሚያስገባውን ዳገት በመኪና ያለፈ ሰው ዳገት መሆኑንም ልብ አይለው ይሆናል። ከላንጋኖ አካባቢ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይነሳና ቀስ እያለ 2,000 ሜትር ድረስ ይወጣል። እኔ እዚያ ዳገት ላይ ሳይክሌን ግራር ሥር አጋድሜ አልቅሻለሁ። የሃያዎቹን ዕድሜ ያጋመስኩ፣ በኢኮኖሚክስ የተመረቅኩ ወንድ ልጅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሲኖትራክ አቧራውን እያለበሰኝ።

የወጣሁት ከአዲስ አበባ በሞጆ፣ በሻሸመኔና በሶዶ አድርጌ አርባ ምንጭ ለመግባት ነው። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ቀን፣ ብቻዬን። ድንኳን አልያዝኩም፣ ማታ ማታ ከተማ ገብቼ አልጋ እይዛለሁ። ሳይክሉ ላይ ያሰርኩት አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ ፓወር ባንክ እና እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ ነው። በየከተማው ስለ ቀጣዩ መንገድ ሰላም ሹፌሮችን እጠይቃለሁ። እነሱ ደግሞ እኔን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ብቻህን?» እኛ አገር ብቻውን ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ወይ ስለት አለበት፣ ወይ ዕዳ፣ ወይ ደግሞ ለይቶለታል። ሕፃናቱ ግን ብዙ አልተጨነቁም። ሄልሜቴን አይተው «ቻይና! ቻይና!» ብለው ጨረሱት።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። ሁለተኛው ቀን ነው፣ ከመቂ ተነስቼ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ነዘረ። ለሁለት ወር ስጠብቀው የነበረ ሥራ፣ ሌላ ሰው መርጠናል የሚል መልእክት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሕይወቴን በሙሉ ገመገምኩት። ዲግሪው ብክነት፣ ጉዞው እብደት፣ እኔም ከንቱ። ኢሱዙ አስቁሜ ሳይክሌን ጭኜ እመለሳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። እውነት ለመናገር እጄንም ዘርግቼ ነበር፣ የቆመልኝ ግን አልነበረም።

ለካ ከጠዋት ጀምሮ የቀመስኩት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ብቻ ነው። ሰውነታችን የሚያከማቸው ካርቦሃይድሬት ጠንከር ላለ ግልቢያ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢያዘልቅ ነው። አንጎል ደግሞ በዋናነት የሚሠራው በግሉኮስ ነው። ያ ሲያልቅ እግር ብቻ አይደለም የሚዝለው፣ ተስፋም አብሮ ይዝላል። ሳይክለኞች «ቦንክ» ይሉታል። በሶዬን በውኃ በጥብጬ ጠጣሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልእክቱ ያው ነው፣ ሥራውም የለም፣ እኔ ግን ሌላ ሰው ሆኛለሁ።

ከካናዳዋ ባንፍ እስከ ሜክሲኮ ድንበር 4,400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጋለብበት ቱር ዲቫይድ የሚባል ውድድር አለ። አጃቢ የለም፣ የገንዘብ ሽልማትም የለም። እንዲህ ዓይነት ውድድር የሚገቡ ሰዎች ሳትበላና ሳትተኛ «አቋረጥኩ» አትበል ይባባላሉ። እኔ ይህን ያነበብኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። እዚያ ዳገት ላይ የቀጠልኩት እኮ «220 ኪሎ ሜትር መጥቼማ አልመለስም» ብዬ ነው። ይቺ ነገር በተማርኩት መጽሐፍ ሰንክ ኮስት ትባላለች፣ ስህተት ናት። ፈተና ላይ ብጽፋት ዜሮ ነበር የማገኘው።

ደስታውስ? ደስታው አምስተኛው ቀን ላይ ነው። ከሶዶ ቁልቁል ስትወርዱ የአባያ ሐይቅ ቡናማ ውኃ ከሩቅ ብቅ ይላል። ፔዳል መምታት አያስፈልግም፣ አየሩ እየሞቀ ይመጣል፣ ታች ደግሞ የሙዝ እርሻ። ብቻዬን ጮኼ ዘፈንኩ። ሙዝ የምትሸጥ እናት ስታየኝ ስቃ አንድ መረቀችልኝ። የዚያን ቀን ፎቶ ለጠፍኩ፣ ላይኩም ኮሜንቱም ጎረፈ። የግራሩን ፎቶ ግን ማን ይለጥፋል?

የምር ልነግራችሁ የፈለግኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አርባ ምንጭ ገባሁ፣ አልጋ ያዝኩ፣ ታጠብኩ፣ ጣሪያውን እያየሁ ተኛሁ። ሰላም የምለው ሰው የለም። ሳይክሌን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ አምስት ቀን የፈጀብኝን መንገድ በአንድ ቀን ተመለስኩ። ከዚያ ሰኞ መጣ። መንገድ ላይ ስከፋ ምክንያቱ ፊት ለፊቴ ነበር፦ ረሃብ፣ ነፋስ፣ የተበሳ ጎማ። መጨረሻውም ይታያል። ሰኞ ጠዋት ግን በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ ዳገትም የለም። ድብርቱ ግን አለ። በሶ የማይፈታው ደግሞ ይሄኛው ነው።

ስለዚህ «ብቻዬን ተጉዤ ሕይወቴ ተቀየረ» የሚሉ ቪዲዮዎችን ሳይ አሁን አሁን እናደዳለሁ። ቪዲዮው የሚያልቀው ከተማ መግቢያ ላይ ነው። ሥራ ያልነበረው ልጅ ተመልሶም ሥራ የለውም። አትሂዱ እያልኩ አይደለም፣ እኔም እንደገና እሄዳለሁ። ግን ለጉዞው ብር እንደምትቆጥቡ ሁሉ ለመልሱ ሳምንትም አንድ ነገር አስቀምጡ፦ የምታገኙት ሰው፣ የምትሠሩት ሥራ፣ የሆነ ነገር። ከጉዞ የተመለሰ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ የደረሰ ቀን «ጀግና!» ብላችሁ አትጥፉ። በሁለተኛው ሳምንት ደውሉለት።

እኔ ጋ የደወለ አልነበረም። እናቴ ግን ቤት ውስጥ ናት፣ ምን ታመልጣታለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቡና እያፈላች «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። ከመንገድ በደወለች ቁጥር «ሜዳ ነው እማ፣ ሜዳ ነው» ስላት ነበር የከረምኩት። ያን ቀን ስለ ግራሩ፣ ስለ መልእክቱ፣ ስለ ለቅሶው ነገርኳት። ስኒውን እያቀበለችኝ ትንሽ ዝም አለች።

«ሜዳ ነው ያልከኝ ይሄንን ነው?» አለችኝ።